መንገድ ላይ አይነገርም

ሀይሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካልጋሪን የከተማ አውቶቡሶች ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ሞተር ዋሽቶት አያውቅም፤ እሱም ማንንም ዋሽቶ አያውቅም። ሚስቱን መዋሸት የጀመረው በስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ለጀማሪ ደግሞ ከውሸት ሁሉ ከባዱን መረጠ።

ነዳጅ ዘይት በርሜሉ ከመቶ ዶላር በላይ በወጣበት በዚያ ዘመን ካልጋሪ ላይ ሥራ የፈታ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። አንድ ልጃቸው ማትያስ እንኳ ፎርት ማክመሪ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ገብቶ ዓመት በዓል ላይ ብቅ ማለት አቅቶታል። ከዘመድ ወዳጁ ሁሉ ጊዜ የተረፋቸው ጡረተኞቹ ሀይሉና ተናኘ ብቻ ነበሩ። ከአንድ የኦኮቶክስ ሰው አሮጌ ካምፐር ቫን፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና፣ ገዙ፤ ሀይሉ በጋውን ሁሉ ሲጠጋግነው ከረመ፤ ጥር ሲጋመስ የፓይንሪጅ ቤታቸውን ቁልፍ ሙሉ ለምትባል ጎረቤታቸው ሰጥተው ወደ ደቡብ ወረዱ። የበረሃው ሐሳብ የተናኘ ነው። ዕድሜዋን የሆስፒታል አንሶላ ስታጥፍ የኖረች ሴት፣ «አንድ ዊንተር እንኳ ጓንት ሳላጠልቅ ይለፈኝ» ብላ ነው።

ጉዞው ጥሩ ነበር፤ ሲነሱ የሆነውን ካልቆጠርነው። የተናኘ ታላቅ እህት እትዬ ወለተማርያም ከልጃቸው ከፀደንያ ጋር ካልጋሪ አጠገብ ኤርድሪ ነው የሚኖሩት። እናታቸው ስትሞት ተናኘ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የጉዞውን ወሬ ሲሰሙ ተቆጡ። «በስልሳ ዓመትሽ ቤትሽን ጎማ ላይ ጭነሽ ልትዞሪ ነው? ወግ ነው?» አሏት። ተናኘ ደግሞ ምላሷ አያርፍም። «አንቺ ካገር ወጥተሽ ከመስኮት ሌላ ያየሽው የለም፤ እዚያው መስኮትሽ ሥር ሙቺ!» ብላ በሩን በላያቸው ላይ ዘግታ ወጣች። ሌትብሪጅ ሳይደርሱ ጸጸታት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፏ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ስመለስ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያን ረቡዕ ፊኒክስ አጠገብ ካሉት የካምፐር ሰፈሮች በአንዱ ቆመው ነበር። ተናኘ ልብስ ልታጥብ ሄዳለች። ስልኩ ጮኸ፤ ፀደንያ ናት።

«ጋሼ፣ ማሚ ሆስፒታል ናት። ስትሮክ ነው። ዶክተሮቹ... ላይክ፣ ዴይስ ነው ያሉት። ሜይቢ እስከ ዊክኤንድ።»

ሀይሉ የካምፐሩን ደረጃ ይዞ ቁጭ አለ። «ትናገራለች?»

«ትንሽ ትንሽ። ‹ተናኘ መጣች?› ትላለች፣ ኦል ዘ ታይም። ግን ፕሊስ ጋሼ፣ ለአክስቴ እንዳይነግሯት። ጋሼ ታደገ እዚህ አሉ፣ ላቅርብልዎ።»

ታደገ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፤ ነገር በእርጋታ የሚያስር። «ወንድም ሀይሉ፣ በርታ። ሕመምም ሆነ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ባዕድ አገር፣ በረሃ ውስጥ፣ አጠገቧ ወገን የለ። አንድ ነገር ብትሆንብህስ? ዝም ብለህ ይዘሃት ና፤ እኛ እዚህ አዘጋጅተን በወጉ እንነግራታለን።»

ሀይሉ ለመከራከር አልቃጣም። ደንቡን ያውቀዋል። ደንቡን ከሁሉ የበለጠ የምታውቀው ደግሞ ራሷ ተናኘ ናት። በጉባኤው የለቅሶ ቤት ወንበሮች ኃላፊ እሷ ናት፤ ሞት በተሰማ ቁጥር ስልሳዎቹን ወንበሮች ቆጥራ የምታወጣ፣ ቆጥራ የምትመልስ። መርዶ ማቆየትም ታውቅበታለች። ከጉባኤው ልጆች የአንዷ፣ የዘሪቱ፣ አባት አዲስ አበባ ሲሞቱ፣ ልጅቷ የነርስነት ፈተናዋን እስክትጨርስ ሦስት ሳምንት አፏን ዘግታ፣ አብራት እየሳቀች፣ ሻይ እየጠጣች ከርማለች። «ክፉ ወሬ እግር የለውም፤ ካልተሸከሙት አይደርስም» ትል ነበር ኮራ ብላ። እንግዲህ ሆድ ይፍጀው አለና፣ ተናኘ የታጠበውን ልብስ አቅፋ ስትመጣ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ።

«ትራንስሚሽኑ ድምፅ አምጥቷል። ቤታችን ብንገባ ይሻላል። ዛሬውኑ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ተናኘ አላንገራገረችም፤ በሞተር ጉዳይ ባሏን እንደ ወንጌል ነው የምታምነው። ችግሩም ይኸው ማመኗ ሆነ። አጠገቡ ተቀምጣ ዓይኗን የፍጥነቱ ቆጣሪ ላይ ተከለች። መቶ አሥር ሲያስገባ፣ «ኧረ ቀስ! ድምፅ አለው ብለህ?» ትላለች። ወደ ሰማንያ ይወርዳል። የጭነት መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋቸዋል። ፊኒክስን ሲያቋርጡ አንድ አውሮፕላን ከአስፋልቱ በላይ ዝቅ ብሎ ወደ ኤርፖርቱ ወረደ። ሀይሉ መውጫውን አየው። በዚያ መውጫ ቢታጠፍ፣ ትኬት ቢቆርጥላት፣ ማታ እህቷ አልጋ አጠገብ ናት። ብቻዋን፣ በዚህ ወሬ፣ በማታውቀው ኤርፖርት? መውጫው አለፈ። ልቡ ግን እዚያው ቀረ።

ሐሙስ ወደ ዩታ በሚወስደው መንገድ ዳር የአገሩ ነባር ተወላጅ የሆኑ የናቫሆ ሴቶች ዕቃ ዘርግተው አገኙ። «አቁም፣ አንድ ደቂቃ!» አለች። አንዱ ደቂቃ አርባ ሆነ። ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው ወፍራም የሱፍ ጋቢ መሳይ ይዛ ተመለሰች።

«ለእቴቴ ነው። ትከሻዋን ይበርዳታል። እግሯ ላይ ወድቄ፣ ስታነሳኝ ይሄን አለብሳታለሁ።»

ሀይሉ በሰያፍ ሊያድናት ፈለገ። «አሁን ለምን ኮል አታደርጊላትም? በስልክ ይቅርታ ጠይቂያት፣ ይቅለልሽ።»

«በስልክ?» ቀና ብላ አየችው። «እናቴን ማለት ናት እኮ! ሙቺ ብያት በስልክ ‹ሶሪ› ልበላት? ሰው ምን ነካው!»

ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ከዚህ በላይ ቢገፋ ትነቃበታለች። መንገዱ ቀይ አለት፣ ቀይ አፈር፣ አንዳንድ ቤት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ውበቱ የሚያስቆመው ነበር። አሁን የሚታየው ኪሎ ሜትሩ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ተናኘ ቁርጡን ተናገረች። ከዚህ በኋላ በረዶ አለ፤ መኪናው ሳይታይ አንድ እርምጃ አልሄድም። አንዲት ትንሽ የዩታ ከተማ ጋራዥ ገቡ። ባለቤቱ ሽማግሌ ከሰዓት በኋላ እንጂ አሁን አልደርስም አላቸው። ከግድግዳው ጋር በተጠጉ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው አምስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። የሀይሉ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ፀደንያ ናት፤ የት ደረሳችሁ፣ ማሚ አሁንም እየጠየቀች ነው፣ ይላል መልእክቱ። የተናኘ ስልክ ድንበሩን ካለፉ ወዲህ እንደተዘጋ ነው፤ ከአገር ውጭ ሮሚንግ ያስከፍላል ብላ የዘጋችው ራሷ ናት።

ያን ጊዜ ሊነግራት ነበር። አፉን ከፈተ። «ተናኝዬ...» አለ።

«አቤት?» ሱፉን ጉልበቷ ላይ አጥፋ፣ ክሮቹን እየዳሰሰች፣ ፊቷ እንደ ልጅ ፍክት ብሎ ነበር። ይህን ፊት እንዴት አድርጎ ይስበረው? ፈራ። በኋላ ብዙ ምክንያት ደርድሯል፤ ደንብ ነው፣ ሽማግሌ አዝዞኝ ነው፣ ብሏል። እውነቱ ግን ይኸው ነው፣ ፈራ።

«ውኃ ልግዛልሽ?» አላት።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ካምፐሩን ነድቶ፣ ሥሩ ተኝቶ ተመለሰ። ምንም የለበትም አለ። እንዲያውም ለዕድሜው እንዲህ የተያዘ መኪና አላየሁም ብሎ የሀይሉን እጅ ጨበጠ። ተናኘ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሠላሳ ዓመት ሞተር የሰማ ጆሮ አረጀ! በል፣ ከዳነ ምን አስቸኮለን? ያ ካንየን የሚሉት ገደል እዚሁ አጠገብ ነው አሉ። ሁለት ቀን እንደር።»

«ግቢ!» አለ ሀይሉ። «ግቢ አልኩሽ! እንሄዳለን!»

በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ጮሆባት አያውቅም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ባይሆንም መካኒኩ ገባው፤ ዞር አለ። ተናኘ ሱፉን አቅፋ ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ቅዳሜን ሙሉ፣ ዩታን ጨርሰው፣ አይዳሆን አቋርጠው ሞንታና እስኪገቡ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሁን መቶ አሥር ቢነዳ የሚከለክለው የለም፤ ቢሆንም ዝምታዋ ከቁጣዋ ይብሳል። ስለ ድምፁ ዋሽቶ አንድ ሙሉ ቀን እንደበላ ያውቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያፈሰሰውን ቀን ሊለቅመው ነዳጅ ላይ ብቻ እየቆመ ነዳ።

እሑድ ጠዋት ግሬት ፎልስ ነዳጅ ሲቀዳ ታደገ ደወለለት።

«ወንድም ሀይሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እትዬ ወለተማርያም ሌሊቱን ዐርፈዋል። ከዓርብ ማታ ጀምሮ አልነቁም ነበር። ነገ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። እስከዚያ እንዳይታወቅብህ።»

ሀይሉ ከካምፐሩ ጀርባ ዞረና በረዶ አፍሶ ፊቱን አሸው። ተመልሶ ሲገባ ተናኘ ብርቱካን ልጣ ጠበቀችው። ከአሪዞና አንድ ካርቶን ሙሉ ጭነዋል።

«እንካ፣ ብላ። ተኮራርፈን ቤታችን አንገባም» አለችው። ግማሹን አጎረሰችው። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፤ አልወርድ አለው። «ሰማህ? ፓይንሪጅ ሳንገባ ቀጥ ብለን ኤርድሪ እንሂድ። ዛሬ ይቅርታዬን ተቀብላኝ ልደር።»

«ደክሞኛል። ነገ ጠዋት» አለ።

«ነገ ጠዋት፣ እውነትህን ነው?»

«ነው» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ነገ ለለቅሶም ቢሆን መሄዳቸው አይቀርም፤ ከሁሉ የከበደው ይህ ነው።

ድንበሩን አለፉ። ሌትብሪጅን አለፉ። የኦኮቶክስን መታጠፊያ ሲያልፉ ተናኘ ካምፐሩን የሸጠላቸውን ሰውዬ አንስታ ሳቀች። ሀይሉም ሳቀ፤ ሳቁ ለራሱ ጆሮ አስጠላው። የቀረው አንድ ሌሊት ነው ይላል በልቡ፤ ከዚያ ሸክሙን ሽማግሌዎቹ ይቀበሉኛል።

ፓይንሪጅ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የደጃቸው በረዶ ተጠርጓል። «ሙሉ ተባረኪ» አለች ተናኘ። ሀይሉ ሻንጣ ሊያወርድ ከኋላ ሲሄድ፣ እሷ ብርቱካኑን የቤቱ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጣለሁ ብላ ካርቶኑን አቀፈችና የበሩን መክፈቻ ተጫነች። በሩ እየተንጠራራ ወደ ላይ ወጣ።

ወንበሮቹ እዚያ ነበሩ። ለነገ ማለዳ ብለው የጉባኤው ሰዎች ከአምልኮ በኋላ ያመጧቸው ናቸው፤ ቁልፉን የሰጠቻቸው ሙሉ ናት፤ መንገደኛ በፊት በር ገብቶ ይተኛል እንጂ ጋራዥ ይከፍታል ብሎ ያሰበ የለም። ስልሳ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ በየጀርባቸው ላይ ተናኘ ራሷ በቀይ ቀለም የጻፈችው ቁጥር አለ። አጠገባቸው የውኃ ካርቶን ተደራርቧል።

ተናኘ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች። አልጮኸችም። አንዱን ወንበር አውጥታ ዘረጋችና ተቀመጠች።

«ማትያስ ነው?»

«አይደለም! ማትያስ ደህና ነው።»

ትንፋሿን ሳበች። «እቴቴ ናት።»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«መቼ?»

«ዛሬ ሌሊት።»

«የታመመችውስ?»

ዓይኑን ወንበሮቹ ላይ ወዳለው ቀይ ቁጥር መለሰ። አስቀድማ ታውቀው የነበረ ይመስል ጠበቀችው።

«ረቡዕ» አላት።

«ረቡዕ።» ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። «አውሮፕላኑ ከራሳችን በላይ ያለፈ ዕለት። ትናገር ነበር?»

«እስከ ዓርብ ማታ። ‹ተናኘ መጣች?› ትል ነበር።»

«ዓርብ ጋራዥ ቁጭ ብለን ነበር። አምስት ሰዓት። ውኃ ልግዛልሽ አልከኝ።»

«ተናኝዬ፣ አንቺም ብትሆኚ እንዲሁ ታደርጊ ነበር።»

«አደርግ ነበር» አለች። «ዘሪቱን ሦስት ሳምንት አድርጌያታለሁ። ምን እንዳጠፋሁባት አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።» ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ድምፅ የሌለው። «ሙቺ ያልኳት የመጨረሻ ቃሌ ሆነ።»

ሀይሉ አጠገቧ ሊቀመጥ አንድ ወንበር ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለችው፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ወንበሩ ሊያጽናና ለመጣ ሰው ነው። አንተ ከእኔ ጋር ነበርክ።»

እጁን ሰበሰበ። ጋራዡ በር ላይ፣ በረዶው ላይ፣ ቆብ ሳያደርግ ቆመ። የሚለው ነገር ሲፈልግ ሲፈልግ፣ ማንም ጎረቤት የሚለውን ብቻ አገኘ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት።

«አሜን» አለች ተናኘ፣ ለማንም እንደምትለው።