ብዙ የተገለጠው ገጽ

የአስናቀው የቁስል ምርመራ ውጤት ከደሴ ተልኮ መካነ ሰላም የደረሰው ባለቁስሉ በተቀበረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። አስናቀው በሕይወቱም ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም "ወረቀቱም በጌታው ወጣ" አሉና ሊቀበሉ ወደ ላቦራቶሪው ሄዱ።

መሪጌታ የተቀደደ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይጠግናሉ። የዚያን ቀን ግን የሚያስቡት ሌላ ነገር ነበር። የጎረቤታቸው የሀምዱ ልጅ ከሪያድ ሃያ አንድ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ልካ ነበር። ያኔ አስናቀው እግሩ አመርቅዟል፣ ሀምዱን ጥርሱ ይዞታል፣ እሳቸውን ደግሞ ያስላቸዋል። መሪጌታ በገዛ እጃቸው እንደ ዝክር ዳቦ ለሦስት አካፈሉት። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ማንም ቅር አላለው። የአስናቀው ቁስል ጠገግ አለ፤ በሳምንቱ ግን ብሶበት ተነሣ።

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ፈይዛ ወረቀቱን አነበበችላቸው።

"አላህ ያጥናዎት፣ መሪጌታ። ባክቴሪያው ያንን መድኃኒት ለምዶታል።"

"ማን አስተማረው? አስናቀውን ሰባት ዓመት ፊደል አስቆጥሬው አልገባውም። ዓይን የሌለው ነገር በሰባት ካፕሱል ተማረ?"

"አይማርም፤ ይሳሳታል" አለች ሳቋን እየዋጠች። "በውስጡ እንደ መጽሐፍ የተጻፈ ነገር አለ። ሲጨንቀው መባዛቱን ትቶ፣ ያድነኛል የሚለውን ክፍል እየገለጠ ይገለብጣል። ደጋግሞ የተገለጠው ቦታ ይጎዳል፤ ሲጠገን ፊደል ይስታል። አብዛኛው ስሕተት አይረባውም። አንዷ ግን ታተርፈዋለች።"

መሪጌታ ጉልበታቸውን መቱ።

"የፍትሐት መጽሐፋችን! በክፉ ዓመት ሌላው መጽሐፍ አቧራ ሲጠጣ እሱ ብቻ ይገለጣል። ሰም ይንጠባጠብበታል፣ ጠርዙ ይበጠሳል። አንዴ ስጠግነው ፊደል ስቼ ካህናቱ አምስት ዓመት ስሕተቴን አዜሙት። አንድም ሟች አልተነሣም፣ አንድም አልተቃወመ።"

"በቃ እሱ ነው! አስቦበት አይደለም፤ ስለተገለጠ ነው።"

ሳቁ ከመሪጌታ ፊት ጠፋ። "እንግዲያ ያቺ ሰባት ካፕሱል ናት ያስለመደችው?"

ፈይዛ ወረቀቱን አገላበጠች። "ከመጀመሪያውም የለመደ ሊሆን ይችላል። እሱን ማንም አያውቅም። የጎደለ መድኃኒት ግን ያስጨንቀዋል እንጂ አይገድለውም፤ ጊዜ ይሰጠዋል።"

"ብትዋሺኝ ምን ነበረበት?"

"አላህ ዘንድ ወንጀሉን ማን ይሸከምልኛል?"

ሀምዱን ደጁ ላይ አገኙት።

"ከዚያች ካፕሱል የተረፈህ አለ?"

"ጥርሴ ሲሻለኝ አራቷን ለክፉ ቀን ሸሽጌያለሁ። አመመዎት እንዴ?" መልሱን ሳይጠብቅ ገብቶ በወረቀት የተጠቀለሉትን አወጣ። ሁለቱን በመሪጌታ መዳፍ አኖረ፤ ሁለቱን በራሱ። "ይኸው፣ እኩል። አስናቀው እንደሆነ ድርሻውን ቀድሞ በልቷል።"

መሪጌታ ከሀምዱ መዳፍም ሁለቱን ለቀሙ።

"ተወኝ ሀምዱ። አስናቀውን በማካፈል ሳልገድለው አልቀረሁም።"

ሀምዱ ባዶ መዳፉን ያያል።

"ለአስናቀው ሚስት፣ ለብርሀንነሽ፣ ልነግራት ነው" አሉ መሪጌታ። "ብቻዬን ከሄድኩ ግን መንገድ ላይ ሌላ ወሬ እፈጥራለሁ።"

"ጫማዬን ላድርግ" አለ ሀምዱ።