ደርበው መኪናውን እንደ በሬ ያቀረበበት ቀን

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያችን በርጩማ ለአሮጊቷ ልቀቁላት፤ እናንተ ጉልበታችሁ ደህና ነው፣ መደቡ ላይ አረፍ በሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ የደርበውን ነገር ነው። ደርበው ራሱ ይህን ሲያወራ ከሰሚው ሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። ስለዚህ ብትስቁ አይከፋውም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ነዳጅ በኩፖን የሚቀዳበት፣ ሰው ሁሉ ጓድ የተባለበት። ደርበው ፍኖተ ሰላም ዳር ነበር የሚኖር። ዕድሜውን ሙሉ የበሬ ነጋዴ ነው፤ የቡሬንና የጅጋን ገበያ እንደ ቤቱ ጓዳ ያውቀዋል። የበሬን ዕድሜ ከጥርሱ፣ ጉልበቱን ከአረማመዱ፣ ጠባዩን ከዓይኑ ያነባል። ታዲያ አንድ ቀን ምን ቢያገኘው ጥሩ ነው፣ በሬዎቹን ሁሉ ሸጦ አሮጌ ፊያት የጭነት መኪና ገዛ። በሬ ሲገዛ አፍ ፈልቅቆ የሚያይ ሰውዬ፣ መኪና ሲገዛ ቀለሙን አይቶ ገዛ። «ድምፁን ወድጄው ነው» ይል ነበር ኋላ፣ ራሱን እያከከ። «እንዲያ የሚያጓራው ለካ የጭስ ማውጫው ተቀዶ ኖሯል።»

መኪናው ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ነበረበት። እኛ አገር ግንባሩ ነጭ የሆነውን በሬ ቦራ አይደል የምንለው? ደርበውም መኪናውን ቦራ አለው።

አሁን ወደ ጭንቁ ልውሰዳችሁ። ደርበው የተወለደባት አገር ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ ናት። እዚያ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳኗ አርጅቶ ያፈስ ነበርና፣ ሰዉ ስንት ዘመን አዋጥቶ ቆርቆሮ ገዛ። ቆርቆሮው ፍኖተ ሰላም ከአንድ መጋዘን ተቀመጠ። ያኔ ደርበው በሰው መሐል ብድግ ብሎ፣ «እናንተ ሣሩን አውርዱ። ቆርቆሮውን በቦራ ጭኜ ከደጃፏ አደርሰዋለሁ» አለ።

ቄሰ ገበዙ አባ ክንፈሚካኤል ግን ሽማግሌ ናቸው፤ «ቆርቆሮው ይምጣና ሣሩ ከዚያ ይወርዳል፣ ልጄ» አሉ።

«አባ፣ በእኔ ይጣሉት» አለ ደርበው።

ጣሉበት። ሣሩ ወረደ፣ ታቦቷ ወደ ጊዜያዊዋ መቃኞ ተዛወረች፣ የጭቃው ግድግዳ ራቁቱን ቀረ። ግንቦት እያለቀ ነው። ሰማዩ ከቀትር በኋላ ማጉረምረም ጀምሯል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ከቀደመው ያ ግድግዳ ሟሙቶ ይወርዳል፤ ደርበውም ከእንግዲህ በዚያች ደብር በየትኛው ፊቱ ይሳለማል?

ደርበው ሊጭን ቀጠሮ በያዘበት ሰሞን በከተማው መውጫ ኬላ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ኬላ ጠባቂው የሽዋስ የመኪናውን መስታወት አየና፣ «አያ ደርበው፣ ቦሎዎ ጊዜው አልፏል» አለው።

ቦሎ ማለት መኪናው ተመርምሮ ደህና ነው ሲባል መስታወቱ ላይ የምትለጠፈዋ ወረቀት ናት። የቦራን ቦሎ የለጠፈው የበፊቱ ባለቤት ነው። ደርበው ጌጥ መስላው ጧት ጧት ይወለውላት ነበር።

«ለምርመራ ባዶዎን ከሄዱ አሳልፍዎታለሁ» አለ የሽዋስ። «ጭነው ከመጡ ግን እኔም ልጆች አሉኝ።»

ምርመራ። ደርበው ነገሩን በሚያውቀው መንገድ ተረዳው፤ ገዢ በሬ የሚያይበት ዓይነት ነገር መሆን አለበት። ስለዚህ ቦራን ላህ ወንዝ አውርዶ አጠበው። ከዚያ ጥላሸት በኑግ ዘይት በጠበጠና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ቀባቸው፤ እንደ ወይፈን ጀርባ አብለጨለጩ። ሚስቱ ቻይነሽ ከደጃፍ ቆማ ታየዋለች።

«ልትድረው ነው?»

«ላስመረምረው ነው።»

«እንግዲያ ምነው ለወጥ ያስቀመጥኩትን ዘይት ለጎማ አበላኸው? ሰዎቹ የሚያዩ ሆዱን ይመስለኛል።»

«አንቺ ስለ ገበያ ምን ታውቂያለሽ?» አላት ደርበው። ኋላ ይህችን ሲያወራ፣ «ቻይነሽን በመሪው አስቀምጬ እኔ ቤት ብውል ይሻል ነበር» ይል ነበር።

የበሬ ገበያን ነገር ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሻጭ በሬውን ዳገት ላይ አቁሞ ቢያስረዝመው፣ ጨው አልሶ ውኃ ቢሞላው፣ ሰንካላ እግሩን ሣር ውስጥ ቢደብቅለት ማንም አይወቅሰውም። ገዢ ዓይን አለው፤ ይይ። ነገር ግን ገዢው የበሬውን ገመድ ጨብጦ «ነውሩን ንገረኝ» ካለ፣ ያኔ የሻጭ ምላስ አይዋሽም። በዚያች ጥያቄ ላይ የዋሸ ነጋዴ ገበያ መሐል ሰላምታ የሚመልስለት አያገኝም። ደርበው ብዙ በሬ ዳገት ላይ አቁሟል፤ በዚያች ጥያቄ ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

ጠላ ቤት ሲጠይቅ፣ አንዱ «መርማሪዎች ቡሬ ገብተዋል» አለው። ደርበው ማልዶ ነዳጅ ቀዳና ቦራን እያስጓራ ቡሬ ገባ። እውነትም ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ካፖርት የለበሱ የመንግሥት ሰዎች ቆመዋል፤ ፊታቸው ረጅም ሰልፍ አለ። ደርበው ቦራን ሰልፉ ውስጥ አስገባ። ከፊቱ ወይፈኖች ናቸው፣ ከኋላው ላሞች። «መኪና ያመጣሁ እኔ ብቻ ነኝ» አለ በልቡ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። ከኋላው ያለችው ላም ኑጉ ሸቷት ጎማውን መላስ ጀመረች። ቢያባርራት ጓደኛዋን ይዛ ተመለሰች።

ተራው ደረሰ።

«የእርስዎ ምኑን አሞት ነው?» አለው ባለ ካፖርቱ፣ ቀና ሳይል።

«ኧረ ደህና ነው። ለምርመራ ነው የመጣሁ።»

«እንስሳው የታለ?»

«ይኸው» አለ ደርበው፣ የቦራን ግንባር መታ መታ አድርጎ።

ሰውዬው መርፌውን እንደያዘ መኪናውን አየ፣ ደርበውን አየ። «አባቴ፣ እኛ የምንከትብ ከብት ነው። ይኼ መርፌ በዚህ ቆዳ አይገባም።» ሰልፈኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «የመኪናዎቹ መርማሪዎች ፍኖተ ሰላም ናቸው አሉ፤ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ።»

ደርበው ጧት ነዳጅ የቀዳ ከዚያው ማደያ ነበር። ዞር ቢል ያያቸው ነበር፤ እሱ ግን የተቀባውን ጎማ ሲያደንቅ አልዞረም።

ሲመለስ ኬላው ላይ የሽዋስን፣ «ጧት ሳልፍ ምነው እዚሁ ናቸው ሳትለኝ?» አለው።

«እንዲያ አሽሞንሙነውት ሳይ ሠርግ የሚሄዱ መሰለኝ፣ አያ ደርበው። ሙሽራ ደግሞ አይከለከልም።»

ከማደያው ጀርባ ጥቂት መኪኖች ተሰልፈዋል። መርማሪው እጅጉ የሚባል፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ የነካው ጎልማሳ ነው። ደርበው በሚያውቀው አደረገ፤ ቦራን ትንሽዬዋ ጉብታ ላይ ፊቱን ሽቅብ አድርጎ አቆመው፣ መብራቱ የጠፋበትን ጎን ከአጥሩ አስጠጋ፣ ማንም ሳያየው ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ።

«በዚህ በኩል ይምጡ፣ ጓድ መርማሪ፤ ጥላ አለ።»

እጅጉ መጣና አየር ሳብ አደረገ። «ኑግ ነው የሚሸት?»

«ንጽሕና ነው» አለ ደርበው።

«ንጽሕናውስ ደግ ነው፤ እኛ ግን ቀለምና ቅባት አናይም።» እጅጉ በኖራ የተሰመረ መስመር አሳየው። «ከወዲያ እየነዱ መጥተው ፍሬኑን ሲረግጡት እዚያች ላይ መቆም አለበት፣ ወደ አንድ ጎን ሳይጎትት። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬኑ ብቻ ይቆማል፤ በድንጋይ አይደለም። የጎማው ጥርስ ያላለቀ መሆን አለበት። መሪው ሲዞር ወዲያው ይታዘዛል። መብራቱን በሁለቱም ጎን ነው የማይ፤ ከአጥር በኩል ያለውንም።»

እጅጉ የመኪናውን በር ከፈተ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ እንዳሳረፈ ዞሮ አየውና ፈገግ አለ።

«የበሬ ነጋዴ ነዎት፣ አይደል?»

«ምን አሳበቀብኝ?»

«ሽቅብ አቁመውታል። እኔንም ወደ ደህናው ጎን ጎትተውኛል። አባቴ በሬ ሲገዛ አብሬው እየዞርሁ ነው ያደግሁ።» ከዚያ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «እንግዲያ በገበያው ሕግ ልጠይቅዎ። ነውሩን ይንገሩኝ።»

ደርበው «ነውር የለውም» ሊል አፉን ከፈተ። ከአጥሩ በላይ፣ በማንኩሳ በኩል፣ ደመናው ሲጠቁር ይታየዋል። ያ ራቁት ግድግዳ ይታየዋል። አንዲት ውሸት፣ ቦሎዋ ትለጠፋለች፣ ቆርቆሮው ይጫናል። ምላሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን ልማድ ይዞ እንቢ አለው፤ ያለ እሱ ፈቃድ መናገር ጀመረ።

«ፍሬኑ ደጋግመው ካልረገጡት አይሰማም። አንዳንድ ቀን ረግጠውትም አይሰማ። የእጅ ፍሬኑ ድንጋይ ነው፤ ሲነዱ ከወንበሩ ሥር ይቀመጣል። መሪው ወደ ቀኝ ይታዘዛል፣ ወደ ግራ ግን መለመን ይፈልጋል። ክላክሱ ከሞተ ቆየ፤ በመስኮት እኔው ነኝ የምጮህ። ጎማው ጥርስ የለው፣ ለዚህ ነው ጥላሸት የቀባሁት። በአጥሩ በኩል ያለው መብራት…»

«እሱን አየሁት» አለ እጅጉ።

ሾፌሮቹ ከሰልፉ እየወጡ ከበቡት። አንዱ፣ «አያ፣ ሬዲዮኑስ?» ብሎ ጮኸ። ደርበውም «እሱ እንኳ ኖሮት አያውቅ» ብሎ ከነሱ ጋር ሳቀ። ምን ያድርግ።

እጅጉ አልሳቀም። «ምን ሊጭኑበት ነው?»

«የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ።»

«ሰውስ?»

«ሰዉ ከላይ ይቀመጣል። እየዘመርን ነው እምንሄድ። አሮጊቶቹም አሉ፣ ቻይነሽም…»

ይህን ሲናገር ደርበው የራሱን ቃል ሰማ። መንገዱ ላይ ወደ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ታየው፤ ቆርቆሮው ላይ የተቀመጠችው ቻይነሽ ታየችው፤ እሱ ደግሞ ፍሬኑን ይረግጣል፣ ደግሞ ይረግጣል። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ልሰጥዎ አልችልም» አለ እጅጉ ቀስ ብሎ።

«አይስጡኝ» አለ ደርበው። ቦራን እዚያው አቁሞ በእግሩ ወደ ደብሯ ሄደ። ለፍሬኑ የሚሆነው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክረምቱ እኩሌታ ይደርሳል ብለውታል።

አባ ክንፈሚካኤልን ከመቃኞዋ ደጃፍ አገኛቸው። ከእግራቸው ሥር ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው፤ ኑጉን፣ ላሚቱን፣ ድንጋዩን። ላሚቱ ጎማ ላሰች ሲላቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ደርበው ያለቀሱ መስሎት ደነገጠ። እየሳቁ ኖሯል።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ሣሩን አስወርጄ ባዶ እጄን መጣሁ።»

«ሰማይ ቦሎ አይጠይቅም፣ ልጄ፤ ሲፈልግ ይዘንባል» አሉ ሰማዩን እያዩ። «እግር ያለው ሁሉ ነገ በማለዳ ይነሳ። አንተ ከፊት ትሆናለህ።»

በነጋታው የደብሩ ሰው ፍኖተ ሰላም ወረደ። ቆርቆሮ ለብቻ አይያዝም፤ ነፋስ ሲመታው ሰውን እንደ ላባ ይወስዳል። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በትከሻ ተሸከሙት፤ ነፋሱ ሳይነሳ ለመድረስ ጠዋቱን ነበር የሚሽቀዳደሙ። ደርበው ከሁሉም ፊት ነው፤ ከኋላ የያዘችለት ቻይነሽ ናት። ኬላው ላይ የሽዋስ መንገዱን የዘጋበትን ገመድ ሳያነሳ ቆመ።

«እናንተስ ቦሎ አላችሁ?»

ደርበው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሰልፉም ከኋላው ቀጥ አለ። «ፍሬናችን ይሠራል» አለው።

የሽዋስ ገመዱን አነሳና አንዷ አሮጊት የያዘችውን የቆርቆሮ ጫፍ ተቀብሎ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኛት።

«ወደ ግራ» ትለዋለች ቻይነሽ ከኋላ፣ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር። «ወደ ግራ አልሁህ፣ አንተ ሰው፤ ልለምንህ?»

ቀትር ላይ ደረሱ። አናጢዎቹ ከመቅደሱ በላይ ካለው ጣሪያ ጀምረው ይመቱ ገቡ። ሴቶቹ ምስማር ያቀብላሉ፣ ወንዶቹ ቆርቆሮ ያወጣሉ። ደመናው የጠበቀው እስከ ማታ ድረስ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲወርድ መቅደሱና ግድግዳው በሙሉ ተሸፍኗል፤ ያልተሸፈነው በዙሪያው ያለው የቅኔ ማኅሌቱ ዳር ብቻ ነበር። ሰዉ ወደ ውስጥ ገባ። ደርበው አንገቱ ዞር አልል ብሎት፣ ትከሻው ተልጦ፣ ካልተሸፈነው ዳር ቆሞ ግድግዳውን በእጁ ይዳስሳል፤ ደረቅ ነው። ዝናቡ ከላይ ይወርድበታል።

«ግባ እንጂ፣ ደርበው» አሉት አባ ክንፈሚካኤል ከውስጥ። «ቦታ አለ።»

«ትንሽ ልታጠብ፣ አባ» አለ። «ኑጉ አልለቀቀኝም።»

ቦራ በመስከረም ፍሬኑ ተሠራለት፣ ቦሎም ተለጠፈበት፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰው አጓጓዘ። ደርበው ዛሬ የለም፤ ነፍሱን ይማረው። እናንተ የእኔ ልጆች፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ከሚቆም መኪና ላይ በሰላም በወረዳችሁ ጊዜ፣ ያንን ሰውዬ አንዳንዴ በልባችሁ ብታነሱልኝ ደስ ይለኛል። ስቃችሁም ቢሆን አንሱት።