ረጅሙ ካርድ

ካርዱ አልገባም አለ።

እታገኝ በግራ እጇ የኮምፒውተሩን ኬዝ ጠርዝ ደግፋ፣ በቀኟ ካርዱን አጋድማ እንደገና ሞከረች። የካርዱ ጫፍ ሃርድ ዲስኮቹ የተደረደሩበትን ብረት ገጭ አደረገና ቆመ። የቀረው ሁለት ጣት ቢሆን ነው። አወጣችው፤ አቧራ ያገደው ይመስል እፍ እፍ አለችበትና ደግማ ከተተችው። ገጭ።

«ሴትዮ፣ እሱ እኮ ጫማ አይደለም፤ እግር ሲለምደው አይሰፋም» አለ ባሏ ልደቱ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የካሜራውን ሌንስ እየወለወለ።

«አንተ ዝም በል። ይኼ ሁሉ ያንተ ካሜራ ያመጣው ጣጣ ነው።»

እውነቷን ነው። ልደቱ ሰርግ ይቀርጻል፣ እሷ ኤዲት ታደርጋለች። በየካ ሚካኤል ሰፈር ላለፉት ሃያ ዓመታት ከተዳረው ሰው በነሱ እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው። እታገኝ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ቢሆንም፣ አንድ ቀን የኮምፒውተሩ ፋን አላስተኛ ብሎ ሲጮህባት ኬዙን ፈትታ፣ በቀለም ብሩሽ ጠራርጋ፣ መልሳ ገጠመችው፤ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አላስነካችም። ራም የጨመረችለት እሷ፣ ኤስኤስዲ የገጠመችለት እሷ፣ ፓወር ሰፕላዩን የቀየረችለት እሷ። ሌላው ሴት ወርቅ ቤት መስኮት ላይ እንደሚቆመው፣ እሷ መገናኛ የኮምፒውተር ሱቅ መስኮት ላይ ትቆማለች።

ዘንድሮ ጥር ላይ ግን ልደቱ ሳያማክራት ፎር ኬ የሚባለውን ካሜራ ገዝቶ መጣ። ምስሉ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት ያስቆጥራል፤ ፋይሉ ግን ክብደቱ ለጉድ ነው። ኮምፒውተሩ አንዱን ሰርግ አብስሎ ለማውጣት ሲያቃስት ያድራል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። በዚህ መሃል ሄለን የምትባል የአያት ሰፈር ሙሽራ ደወለች።

«እትዬ፣ እዚህ ያሉት ልጆች እኮ በሳምንት ነው የሚያስረክቡት። እርስዎን ስለምወድዎት ነው እንጂ…» አለችና ተወችው።

ያ ያልተጨረሰ ነገር እታገኝን እንቅልፍ ነሳት። ሰርግ አሁን ያለው አያት ነው። አዲስ ቤት የገባው፣ አዲስ የሚዳረው እዚያ ነው። ሄለን ከሄደች የሄለን ጓደኞች ይከተሏታል።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ልደቱን አስከትላ መገናኛ ወረደች። ጠሀ፣ ከሌሎቹ ነጋዴዎች ሁሉ የምታምነው ልጅ፣ ቪዲዮ ቶሎ የሚያበስል ግራፊክስ ካርድ ሁለት ዓይነት መስታወቱ ላይ አስቀመጠላት። አንዷ አጠር ያለች፣ ባለ አንድ ፋን። ሌላው ባለ ሦስት ፋን፣ ክንድ የሚያህል።

«ማዘር፣ የእርስዎን ኬዝ አውቀዋለሁ። ትንሿን ይውሰዱ። ሥራዎን ትሠራለች፣ ትንሽ ቀስ ትላለች እንጂ።»

«ቀስ የሚልማ ቤቴ አለ» አለች እታገኝ፣ ልደቱን በአገጯ እያሳየች።

«ረጅሙ አይገባልዎትም።»

«አስገባዋለሁ።»

«ኬዙን ይዘውልኝ ይምጡና ልለካልዎት።»

«አስገባዋለሁ አልኩህ እኮ ጠሀ።»

ጠሀ ትከሻውን ሰበቀና ካርዱን በስፖንጁ ጠቀለለላት። «እሺ። ካልገባ ግን ሳይጫር ይመልሱልኝ።»

አሁን ካርዱ ስፖንጁ ላይ ተጋድሟል፤ ኬዙ ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ከፍቷል። እታገኝ ብረቱን በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ አየችው። ብሎን ቢሆን በካቻቢቴ ትፈታው ነበር፤ ይኼ ግን ከኬዙ ጋር አብሮ የተመታ ነው። አምስት ዲስክ የሚይዝ ነው፤ አራቱ ቦታ ተይዟል፣ ታችኛው ባዶ ነው።

«ይቆረጣል» አለች።

«ምኑ?»

«መደርደሪያው ነዋ። ብየዳ ቤት ሂድና ሰጌቶ ተዋስልኝ።»

ልደቱ ሌንሱን አስቀመጠ። «ዲስኮቹስ?»

«ውጪ ይቀመጣሉ።»

«አምና ውጪ ያስቀመጥሽው ከጠረጴዛ ወድቆ የስንት ሰው ሰርግ ነው ይዞ የጠፋው?»

«እንግዲያው ይጣሉ! ለማን ነው የምናስቀምጠው? ያረጀ ጥሬ ፊልም። ተጋብተው የተፋቱ ሁሉ አሉበት። አንዷ ደግሞ ሁለት ጊዜ አለችበት፣ ሁለት ሙሽራ ይዛ።»

«ሁለተኛው ይሻል ነበር» አለ ልደቱ ጫማውን እያጠለቀ።

«ሂድ አንተ ሰውዬ!»

እሱ ሲወጣ እሷ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እየመዘዘች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በላያቸው ላይ በፕላስተር ዓመታቸው ተለጥፏል። የ2004ቱ ፕላስተር ጫፉ ተላጦ ስለነበር ሳታስበው በአውራ ጣቷ መለሰችው።

ልደቱ የተመለሰው ብቻውን አልነበረም። ሰጌቶውን በብብቱ ይዟል፤ ከኋላው ደግሞ ገመዳ ቆሟል። ገመዳ ከላይ ከእንጦጦ በኩል ነው። እናቱ ብርቄ ለዚህ ሰፈር ለዓመታት ወተት ስታመጣ የኖረች ሴት ናት። ልጁ ደጃፉ ላይ ቀረ፤ ግባም ሲሉት አልገባም። እታገኝ ፊቱን ብቻ አይታ ገባት።

«ብርቄ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ እትዬ።»

«ውይ ብርቄ!» እታገኝ ተነሥታ ትከሻውን ያዘችው። «እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ። ነፍሷን ይማረው። ና፣ ግባ፣ ተቀመጥ።»

ገመዳ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ቀብሩ ነገ ነው። ለድንኳኑ የምናሳትመው ፎቶ አጣን። ያለው የመታወቂያዋ ነው፤ እሱም ላይ ፖሊስ ይዟት ነው የምትመስለው። የዚህ ሰፈሩ አካሉ ሲዳር ተጠርታ እንደነበር ትዝ አለኝና ሄጄ ዲቪዲውን ተዋስኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ የለችበትም።»

እታገኝ ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደሩት ዲስኮች ዞረች። እንደማትኖርበት ታውቃለች። ተሠርቶ በሚሰጠው ፊልም ውስጥ ያሉት ሙሽራው፣ ሙሽራዋ፣ ኬኩና ከውጭ የመጣው አጎት ናቸው። ወተት የምታመጣ ሴት ያለችው ጥሬው ውስጥ ነው። የአካሉ ሰርግ ደግሞ 2004 ነው።

ልደቱ ሰጌቶውን ጠረጴዛው ስር ሰደደው።

እሷ ዲስኩን አነሣች፣ ሁለቱን ገመድ ሰካች፣ ኮምፒውተሩን አበራች። ዲስኩ ጥር ጥር አለ። ዝም አለ። እንደገና ጥር ጥር። ስክሪኑ ላይ ምንም አልመጣም።

«ሞቷል እንዴ?» አለ ልደቱ፤ ወዲያው ገመዳን አየና ምላሱን ነከሰ።

እታገኝ አጠፋችው። ገመዱን ነቀለች፣ ጫፉን በቀሚሷ ጠረገች፣ ጠበቅ አድርጋ መለሰችው። አበራች። ጥር ጥር… ከዚያ ያ የምታውቀው ቀጭን የመሽከርከር ድምፅ ተነሣ። ትንፋሿን ለቀቀች።

ጥሬው ፊልም ረጅም ነው። ድንኳን፣ የሰው ጀርባ፣ የሚሮጥ ሕፃን፣ የወደቀ ኩባያ። ከካሜራው ኋላ የልደቱ የወጣትነት ድምፅ «ወደዚህ! ወደዚህ እዩ!» እያለ ይለምናል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከድንኳኑ ዳር፣ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ብርጭቆ የያዘች ሴት ታየች። ትስቃለች፤ አፏን ግን በእጇ ሸፍናለች።

«እሷ ናት» አለ ገመዳ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ።

«ቆይ። እጇን ታውርድ።»

እታገኝ ምስሉን በአንድ ጣት እየገፋች ጥቂት በጥቂት አስኬደችው። እጇ አፏ ላይ ነው። አሁንም አፏ ላይ ነው። ካሜራው ሊዞር ሲል፣ ምስሉ ከማምለጡ በፊት፣ እጇ ወረደ። ፍንጭት ጥርሷ ከነሳቋ ወጣ። እታገኝ እዚያ ላይ አቆመችው።

ገመዳ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ቆየ።

«ነጠላው የአክስቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «ተውሳ ነው የሄደችው። እስከ ዛሬ ድረስ መልሻለሁ፣ አልመለስሽም እየተባባሉ ነው የኖሩት። አክስቴ ነገ ስታየው ምን እንደምትል እንጃ።»

«ታልቅሳ፣ ምን ትላለች» አለችው እታገኝ፤ ሦስቱም ፈገግ አሉ።

ምስሉን ስልኩ ላይ አደረገችለት። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ «ሂድ፣ ማተሚያ ቤቱ ይዘጋብሃል» ብላ እስከ ደጅ ሸኘችው። ብርቄ ስትወርድበት በኖረችው ዳገት ላይ ቀና ሳይል ሲፈጥን አይታ ተመለሰች።

ኬዙ እንደተከፈተ ነው። ዲስኩ አሁንም በየመሃሉ ጥር ይላል። ልደቱ ጎንበስ ብሎ ሰጌቶውን ከጠረጴዛው ስር አወጣ።

«እህ፣ ልቁረጠው?»

እታገኝ ረጅሙን ካርድ አየችው። ያምራል። ሦስቱም ፋኖቹ እንደ አዲስ ሳህን ያበራሉ። የአያት ልጆች ያላቸው እንዲህ ያለውን ነው። በስፖንጁ ጠቀለለችው፤ ጥግ ጥጉን ሳትቸኩል አስተካከለችና ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው።

«ሰጌቶውን መልስ» አለችው።

«ሄለንስ?»

«በሁለት ሳምንት ነው የምደርስልሽ እላታለሁ። ካልፈለገች የአያት ልጆች አሉላት።»

«በስልክ በሳምንት ብለሽ ምለሽላት የለም እንዴ?»

«አልማልኩም። ምዬ ቢሆንስ? ሰጌቶውን መልስ አልኩህ፤ ሰውዬው ይፈልገው ይሆናል።»

ልደቱ ወጣ። እሷ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሰች፤ ካቻቢቴዋን አንስታ ብሎኖቻቸውን አጠበቀች። ስልኳን ከፍታ ደወለች።

«ጠሀ፣ ትንሿ አለች?»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። «ማዘር! አልገባም አይደል?»

«አለች ወይ ነው ያልኩህ።»

«አለች፣ አለች። ነገ ይምጡና የሚተርፍዎትን ብር እመልስልዎታለሁ።»

«ብሩን ተወው። በሱ ሃርድ ዲስክ ስጠኝ፤ ሰፊውን።»

«ደግሞ ለምንድን ነው? አራት አለዎት አይደል እንዴ?»

እታገኝ ታችኛውን ባዶ ቦታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ከላይ የ2004ቱ ጥር አለ።

«አንዱ እየደከመብኝ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ነገ ከቀብር መልስ ኬዙን ይዤልህ እመጣለሁ። ትለካልኛለህ።»