የአመዱ ልክ

በእኛ በሳህን ሠሪዎቹ ቤት ቅብ የምታውቅ ሴት ተድራ ከግቢ አትወጣም። ሕጉ ይኸው ነው። ሳህን ከእቶን ወጥቶ እንደ መስታወት የሚያበራው በቅቡ ነው፤ ቅቡን የሚማሩት ደግሞ ምራቶች እንጂ እኛ ሴት ልጆቹ አይደለንም። ሴት ልጅ ተድራ ትሄዳለች፣ ምስጢሩንም ከልብሷ ጋር ጠቅልላ ለባዳ ታስረክባለች ይላሉ። አክስቴ ሺዩን ቅብ ማወቋ ስለተነቃባት ሳታገባ ሸብታ፣ አመድ ክፍል ውስጥ ስትንጎዳጎድ ሞተች።

እኔ ከእሷም የባስኩ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሃ እያቀበልኩ፣ በቅብ ክፍሉ ሳንቃ ቀዳዳ እያየሁ፣ አንድም ሳይቀረኝ አውቄዋለሁ። ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ ሞኝ መስዬ ኖርኩ። እናቴ በእንግዳ ፊት "ይቺማ ቅብና የሩዝ ውሃ አትለይም" ስትል አንጀቴ እያረረ አብሬ እስቅ ነበር።

ከመኸር በኋላ ልዳር ነው። ሰውየው ፌንግ ይባላል፤ ፖያንግ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይነዳል። ቀይ ጨርቅና የደረቀ ዓሣ ይዞ ሲመጣ በጓሮ በር አየሁት። መልከ መልካም አይደለም፣ ጆሮው ትልቅ ነው፤ ግን ልብሱ ጭስ ጭስ አይልም። ከዚህ ተራራ የሚያወጣኝ ከሆነ ጆሮው ለምን የዝሆን አያክልም! ቀኑ በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ። በስተመጨረሻ ምላሴ ያዳልጠኝ ይሆን እያልኩ እበላ የነበረው እንኳ በፍርሃት ነበር።

መከራዋን የምታየው የወንድሜ የዳሼንግ ሚስት ሚንኋ ነች። ሲበዛ የዋህ ናት፤ ቅቡ ግን እምቢ አላት። አንድ ጠዋት እናቴ አነስ ያለች ጋንና ጥቂት እሳት ያልነካቸው ጥሬ ሳህኖች አስቀመጠችላት። ቅብ የሚሆነውን የድንጋይ ዱቄትም አመዱንም ራሷ ሰፍራ ሰጠቻት።

"በይ፣ አዋህጂና ንከሪ። ይሄ ከተበላሸ ጓዝሽን ጠቅልለሽ እናትሽ ዘንድ ነው!"

"እሺ እማማ" አለች ሚንኋ።

ውሃ ሳቀብል አጎንብሼ ጥፍሬን ጋኑ ውስጥ ነከር አደረግሁ። ሲደርቅ ግራጫ ማለት ሲገባው ነጭ ሆነብኝ። አመዱ አንሷል። እንዲህ ሆኖ እሳት ከገባ አይቀልጥም፤ ሳህኑ እንደ ድመት ምላስ ሻካራ ሆኖ ይወጣል። ምን አገባኝ ብዬ ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ።

ሚንኋ ግን ምሳ ላይ እህል አልወርድ አላት። "ሹላንዬ፣ እናቴ እኮ የእንጀራ እናት ናት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ብመለስ በሩንም አትከፍትልኝም።" አንጀቴን በላችው። ሩዙን ትቼ ተነሳሁና ወደ አመዱ ክፍል ገባሁ። አመዱ የኖራ ድንጋይና የጫካ ቅጠል ተነባብሮ ተቃጥሎ፣ ሽንት እየተርከፈከፈበት የከረመ ነው፤ ሽታውን ተዉት። ሁለት ጭልፋ ዘግኜ የሚንኋ ጋን ውስጥ ጨመርኩ፤ አማሰልኩና እጄን ታጥቤ ተመለስኩ። ሚንኋ ምንም ሳታውቅ ሳህኖቹን ነከረች። ዳሼንግም ከሌሎቹ ጋር እቶን አስገባቸው።

እቶኑ በርዶ ሲከፈት የሚንኋ ሳህኖች ከሁሉም አምረው ወጡ። ዳሼንግ ሚስቱን በሰው ፊት ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አንዱን ሳህን አንስታ ሚንኋ ፊት ቆመች።

"አመዱን አጉድዬ ነው የሰጠሁሽ። ዓይንሽ ያይ እንደሆነ ልፈትንሽ ብዬ። ማነው የጨመረው?"

ሚንኋ ቀና ብላ አየችኝ። ምሳ ላይ ለምን እንደተነሳሁ ያኔ ሳይገባት አልቀረም።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ስንት?"

ምስኪን፣ ዝም ብላ ገመተች።

"ሶስት ጭልፋ።"

የእናቴ ፊት በራ። "ሶስት! እኔም ያጎደልኩት ሶስት ነው! ዳሼንግ፣ የሚስትህ ዓይን ተከፈተ!"

ድኛለሁ። ሚንኋም ድናለች። ሐይቁ ታየኝ። ቢያንስ ያኔ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት!

"ሶስት?" አልኩ። "የዘንድሮ አመድ እኮ ኃይለኛ ነው፤ ሶስት ቢገባማ ቅቡ ወርዶ የሳህኑ እግር ላይ በተንጠባጠበ ነበር! የገባው ሁለት ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚንኋ አፏን በእጇ ያዘች። እናቴ ሳህኑን ገለበጠችና እግሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ንጹሕ ነበር።

"ሁለት" አለች ለራሷ። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር "ዳሼንግ፣ የጀልባ ነጂውን ስጦታ መልስ። ልጅቷ ታማለች በል" አለችው።

"አልታመምኩም! እማዬ፣ እባክሽ! ለማንም አልናገርም!"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በርጩማ ስባ አስቀመጠችኝ፤ ሳህኑን ጭኔ ላይ አኖረችልኝና ራሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔን ያስተማረኝ ማንም የለም፤ እሷ ግን ጉልበቷን አቅፋ እንደ ተማሪ ቀና ብላ አየችኝ።

"የዘንድሮው ኃይለኛ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

ከደጅ ዳሼንግ ቀዩን ጨርቅ ሲጠቀልል ይሰማኛል። እያለቀስኩ ነገርኳት።