ካራውሲየስና ወንድሞቹ

ኮሊን ታራንት ብርዱ ሳይወጣ ሞተ። ሚስቱ ኖሪን እንደ ልማዷ ሻይ ይዛለት ስትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው። በከተማችን የሳንቲም ማኅበር ውስጥ ስለ ካራውሲየስ ከኮሊን በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ካራውሲየስ ማለት የዛሬ አሥራ ሰባት መቶ ዓመት ግድም የሮማን መርከቦች እንዲያዝዝ ተሹሞ፣ ከወንበዴ ያስጣለውን ዘረፋ ለራሱ ያስቀራል ተብሎ ሞት ሲፈረድበት፣ ብሪታንያን ይዞ «እኔም ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ያለው ያ ባለ ወፍራም አንገት ሰውዬ ነው። ብዙ ሳይገዛ የገዛ ሹሙ ገደለው። ገንዘቡ ግን ዛሬም በአውራጃችን በሊንከንሻየር እርሻ ማረሻ በነካው ቁጥር ብቅ ይላል። እሱን መሰብሰብ የጀመረ ሰው ሌላ ንጉሥ አያምረውም።

ከቀብሩ በኋላ ኖሪን ኢኒድ ማዲሰንን አስጠራች። ኢኒድ ጡረታ እስክትወጣ የከተማውን ልጆች ፒያኖ ስታስተምር የኖረች፣ ትዳር ያልያዘች፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ኖሪን የባሏን ሳንቲሞች ለሙዚየም ልትሰጥ አስባለች፤ የትኛው በየትኛው ከተማ እንደተቀረጸ ለይቶ የሚነግራት ሰው አስፈለጋት። ሁለቱ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ሱፍ የተነጠፈባቸውን የእንጨት ትሪዎች ዘርግተው ተቀመጡ።

«ይኼን ሁሉ ፊት ለይተሽ ታውቂዋለሽ?» አለች ኖሪን። «ለኔ ሁሉም አንድ ሽማግሌ ነው።»

«አንድ ሽማግሌ እኮ ነው። የሚለያየው ቀራጩ ነው። አንዱ አገጩን ያሳብጥበታል፣ ሌላው አፍንጫውን።»

«የኔውም ሽማግሌ እንደዛው ነበር። ሻይ ከመጠጣቱ በፊትና ከጠጣ በኋላ ሌላ ሰው ነው።»

ሳቁ። ኖሪን እየሳቀች እንባዋ መጣና ወደ ፎቅ ወጣች። ስትመለስ በእጇ የድሮ የትንባሆ ቆርቆሮ ይዛለች።

«ይኼም አለ፣ የኔ ዳክዬ» አለች በአገሯ ቁልምጫ። «ካልሲው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ትንባሆ ከተወ እኮ ዘመን ሆኖታል።»

ኢኒድ ከፈተችው። በጥጥ ተጠቅልሎ አንድ ሳንቲም ብቻ ተቀምጧል። ሦስት ራሶች ጎን ለጎን ይታዩበታል፤ ካራውሲየስና በዘመኑ በሮማ ዙፋን ላይ አብረው የነበሩት ሁለቱ ንጉሦች። ዙሪያውን «ካራውሲየስና ወንድሞቹ» ይላል። ሁለቱ አንድም ቀን ወንድም ብለውት አያውቁም፤ ይኼን ሳንቲም ሲያስቀርጽ እነሱ ጦር እያዘጋጁለት ነበር። ጠርዙ ላይ ማረሻ የሸረፈው ቦታ አለ፣ በአንደኛው ጉንጭ ላይ ደግሞ ቀጭን ጭረት። ኢኒድ ያንን ጭረት ታውቀዋለች። ለማኅበሩ ግድግዳ ሳንቲሙን አጉልታ የሣለችው እሷው ነበረች።

የራልፍ ድሪውሪ ሳንቲም ነው።

የማኅበሩ ባልደረባ ራልፍ ከእርሻ ላይ በገዛ እጁ ያገኘው፣ ገበሬውም ውሰደው ያለው ሳንቲም ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ እሑድ የማኅበሩን ሰዎች ቤቱ ጋብዞ ትሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ፤ ሰው ሲሄድ የሳንቲሙ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ራልፍ እንግዶቹን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረም። የሚስቱ የጆይስ ልጅ ክሬግ ያኔ ሥራ ፈትቶ እነሱ ቤት ተቀምጧል፤ ከእንጀራ አባቱ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። ራልፍ ክፍሉን በረበረ፤ ምንም ባያገኝም «ሸጦታል» ብሎ ደመደመ። ልጁ በማግስቱ ከቤት ወጣ። ጆይስ ልጄ አላደረገውም ከማለት በቀር አልታገለችም፤ ከዚያ ወዲህ፣ እሷ እንደምትለው፣ ልጇን በስልክ ብቻ ነው የምታገኘው፣ እሱም ራልፍ በሌለበት።

ኖሪን የኢኒድን ፊት አየች። «ምንድነው? ምን ሆንሽ?»

ኢኒድ ልትሸሽግ አሰበች፣ ነገር ግን መሸሸግ የማይሆንላት ሰው ናት። ነገረቻት። ኖሪን ሳንቲሙን አንስታ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ተሳስተሽ ይሆናል።»

«ምነው በተሳሳትኩ።»

«መቃብሩ ላይ ገና ድንጋይ አልቆመም እኮ፣ ኢኒድ።» ሳንቲሙን ወደ ጥጡ መለሰችው። «የቀባሪው ብዛት ከቤተ ክርስቲያኑ ተርፎ ውጪ ቆሞ ነበር። አሁን ምን ሊሉት ነው? ሌባ? እኔስ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሌባው ሚስት ልባል ነው?»

«ልጁስ?»

ኖሪን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። በኋላ ቀና ስትል መላ አግኝታ ነበር። «መልሺላቸው። አንድ ቦታ ጣል አድርጊው። ራሱ ያገኘዋል፣ ወድቆ ኖሯል ይላል፣ ልጁም ነጻ ይወጣል። ኮሊንንም ማንም አይነካውም። ማን ይጎዳል በዚህ?»

ኢኒድ አሰበችበት። እውነትም የሚጎዳ ሰው ሊታያት አልቻለም። «እሺ» አለች፣ ለማንም እንደማትናገርም ቃል ገባች።

ጆይስ ከፋሲካ በፊት የሳሎኑን ምንጣፍ እንደሚያስቀይሩ ነግራት ነበር። ኢኒድ በሳምንቱ ጥየቃ ብላ ሄደች። ጆይስ ሻይ ልታፈላ ስትገባ፣ ራልፍም አዲሱን ማጉያ መነጽሩን ሊያሳያት ወደ ጓዳ ሲሄድ፣ ተንበርክካ ሳንቲሙን ከሳንቲም ቁምሳጥኑ ኋላ፣ በግድግዳውና በምንጣፉ መካከል ወሸቀችው። ሻዩን ጠጣች፣ ኬኩን በላች፣ የበላችው ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም።

ምንጣፍ አንጣፊዎቹ የመጡ ዕለት ስልኳ ጮኸ። ራልፍ ነው። «ነይ» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ኢኒድ ደስ ብሎት ነው ብላ ኮቷን ደርባ ወጣች።

ሳሎኑ ውስጥ ዕቃው ሁሉ መሃል ላይ ተቆልሏል። ራልፍ ሳንቲሙን በመዳፉ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ጆይስ የወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ተገኘ እንዴ?» አለች ኢኒድ። «እንኳን ደስ አለህ።»

«የምን ደስታ ነው? ይኼ ቁምሳጥን በጠፋበት ሳምንት እኔና ኮሊን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከቦታው አንስተነዋል። ባትሪ ይዘን ነው ጥጋጥጉን ያየነው። ኮሊን በሆዱ ተኝቶ ነው የፈለገው። አልነበረም። ስለዚህ ሰው ነው አምጥቶ ያስቀመጠው። ማን እንደሆነ ልንገርሽ?» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ንገሪያት።»

ጆይስ ቀና ሳትል ተናገረች። «ክሬግ በቀደም መጥቶ ነበር። ለልደቴ። ራልፍ ማኅበር ሄዶ ሳለ። ኬክ ይዞልኝ መጣ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። እዚህ ቆሞ ነበር፣ እዚህ ቁምሳጥኑ አጠገብ።»

«በሬን ከጀርባዬ ከፍተሽለት።»

«ልጄ ነው፣ ራልፍ።»

«ሌባ ነው። ሕሊናው ሲቆረቁረው እንደ አይጥ ግድግዳ ሥር ወሽቆት ሄደ። ፊት ለፊት መጥቶ ይቅርታ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም።»

ኢኒድ ጆይስ እንድትቆጣ ጠበቀች። እስከ ዛሬ ራልፍ ሌባ ባለ ቁጥር ጆይስ «አላደረገውም» ትል ነበር፤ አሁን ግን ዝም አለች። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ሦስት ዓመት ሙሉ ስምልለት ነበር» አለች። «ምንም እንዳላደረገ ሰው ነው ኬኩን የቆረሰልኝ። እንዴት አድርጎ ዓይኔን አየኝ?»

ኢኒድ «ማን ይጎዳል» ያለችውን ኖሪንንና የገባችላትን ቃል አስታወሰች። ዝም ብትል ይቺ እናት ልጇን ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ታጣዋለች፤ ያኔ ከቤቷ ነበር፣ ያሁኑ ደግሞ ከልቧ ነው።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች።

ራልፍ አልገባውም። «ምኑን?»

«ሳንቲሙን። ባለፈው ስመጣ። ክሬግ ነክቶት አያውቅም። ኮሊን ቤት፣ ካልሲው መሳቢያ ውስጥ ነው የተገኘው።»

ራልፍ አንዴ ሳንቲሙን አንዴ ኢኒድን አየ። «ኮሊን በሆዱ ተኝቶ ፈልጎልኛል» አለ፣ ያልሰማች ይመስል። «ልብሱ አቧራ ሆኖ፣ ጆይስ ናት በብሩሽ ያራገፈችለት።» እያለ እያለ ድምፁ ወረደ፣ ከዚያ ጠፋ።

ጆይስ ተነስታ ኢኒድ ፊት ቆመች። አልጮኸችም። «አውቀሽ ነው ሻዬን የጠጣሽው?»

«አውቄ ነው።»

«ልጄን ለማዳን ነው ወይስ የሞተውን?»

«ሁለቱንም ያድናል ብዬ ነበር።»

«የሞተውንማ ምን ይነካዋል።» ጆይስ ወደ ስልኩ ሄደች። ደወለች፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ሳይነሳ ሲቀር ኮቷን ለበሰች። «ራልፍ፣ መኪናውን አስነሳ። አንቺም ትመጫለሽ። ለኔ ያልሽውን በገዛ አፍሽ ለሱ ትነግሪዋለሽ።»

እስከ ወደብ ከተማዋ ግሪምስቢ ድረስ ካፊያው አላቆመም። ክሬግ ከወደቡ አጠገብ አሣ ማቀነባበሪያ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዘበኛው አስጠራላቸው። ነጭ የጎማ ቦት እንደተጫማ፣ የፀጉር መረቡን እንኳ ሳያወልቅ በሩጫ ወጣ፤ የሞተ ሰው ያለ መስሎታል። ራልፍ ከመኪናው አልወረደም።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እማ?»

«ምንም አልሆንኩም። ሚስ ማዲሰንን ስማት።»

ኢኒድ ነገረችው፣ ምንም ሳታሳምር፣ የራሷንም ድርሻ ሳትተው። ክሬግ እጁን ልብሱ ላይ እየጠረገ ሰማት። የኮሊን ስም ሲነሳ መጥረጉን አቆመ።

«ኮሊን? ኮሊን ታራንት?»

«አዎ።»

«ከቤት የወጣሁ ዕለት ወደዚህ ያመጣኝ እሱ ነው። እኔ አውቶቡስ ልጠብቅ ስወጣ መኪናውን አቁሞ ሻንጣዬን ራሱ ጫነልኝ። እዚህ ስንደርስ አሣና ድንች ጥብስ ገዛልኝ፣ እዛ ማዶ ካለው ቤት። ሲለየኝ አቀፈኝ። ‹አይዞህ፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ› አለኝ።» ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ። «እኔ ደግሞ ከሁሉም ሰው እሱ ብቻ አመነኝ እያልኩ ነበር የምጽናናው። ባይነግሩኝ ይሻል ነበር መሰለኝ። አይ፣ አይሻልም። እኔ እንጃ።»

ጆይስ አቀፈችው። የአሣው ሽታ ኮቷ ላይ ቢቀርም ግድ አልሰጣት። «ይቅር በለኝ» አለችው። «ዛሬ ጠዋት ላንድ ሰዓት ያህል አንተ ነህ ብዬ አምኜ ነበር። ላንድ ሰዓት ብቻ።»

«አንድ ሰዓት ምን አላት፣ እማ» አለ፣ እሱ ግን ከእቅፏ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነበር።

የመኪናው በር ተከፈተ። ራልፍ ወርዶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ካፊያው ላይ ቆመ። ወደ እነሱ ጥቂት ተራመደና እንደገና ቆመ። ክሬግ አየው። ከውስጥ አንድ ሰው ስሙን ጠራ።

«ሥራ አለብኝ» አለ ክሬግ። እናቱን ግንባሯን ሳማት። «እሑድ እዚህ ነይ። አንቺ ነይ። ለሱ ደግሞ ገና አላሰብኩበትም።»

ያ ሳንቲም ወደ ትሪው አልተመለሰም። ጆይስ ማድቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከሻማና ከላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧል ይባላል። ራልፍ ወደ ማኅበሩ መምጣት ተወ። ወሬው ከከተማው አልፎ እርሻ ድረስ ወጣ፤ በየመጠጥ ቤቱ «ካልሲህን ፈትሽ» የሚባል ቀልድ መጣ። ኢኒድ ኖሪን ቤት ሦስት ጊዜ ሄዳ አንኳኳች። መጋረጃው ይነቃነቃል፣ በሩ አይከፈትም።

የተገናኙት በጋው ከገባ በኋላ፣ ገበያ ውስጥ፣ እንጆሪ ከሚሸጠው ሰውዬ ፊት ነው። ኖሪን ከስታለች። ኢኒድ መንገድ ልትለቅላት ፈቀቅ ስትል ኖሪን ቆመች።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«ገብቼ ነበር። አልጠበቅኩትም።»

«ጆይስ ነግራኛለች፣ ልጇን ሌባ ነው ብላ አምና እንደነበረ።» ኖሪን ቦርሳዋን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። «በየገናው ለልጁ ካርድ ይልክለት ነበር፣ ታውቂያለሽ? ‹ለዚያ ለጆይስ ልጅ አንድ ካርድ ግዢልኝ› ይለኛል። የምገዛው እኔ ነኝ። ምን ያለ ደግ ሰው ነው ያገባሁት እል ነበር።»

እንጆሪ ሻጩ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ መለሰ።

«ማታ ማታ ማልቀስ እጀምርና አቆማለሁ። ለሱ ነው የማለቅሰው ወይስ በሱ? አንቺ የተማርሽ ሴት ነሽ፣ ንገሪኝ።»

የኖሪን ቦርሳ ድንችና ጎመን ሞልቶት እጇን ይጎትታታል። ኢኒድ ጎንበስ ብላ አንደኛውን ማንጠልጠያ ያዘች። ኖሪን አልከለከለቻትም፣ አላመሰገነቻትምም። ቦርሳውን በመሃላቸው አንጠልጥለው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ።