ለእናቷ የለጠፈችው ቪዲዮ

ሩቅያ ስልኳን ከሒጃቧ ስር ደብቃ የተመልካቹን ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ ስታይ፣ ኡስታዝ ሙነወር ትምህርቱን አቋርጠው አጠገቧ ቆሙ።

"ስንት ደረሰ?" አሏት።

"ዘጠኝ ሺህ፣ ኡስታዝ።"

ብትዋሽስ ምን ይረባታል? በመካነ ኢየሱስ ከተማ ያልሰማ የለም። ባለፈው ሐሙስ ጎረቤቷ ፈትያ ለሠርጓ ሂና ስትቀባ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ሩቅያ ጭፈራውን ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለጥፋዋለች። ሂና ቤት ወንድ አይገባም፤ ሴቱ ሻሹን ጥሎ እንደ ልቡ ይጨፍራል። አሁን የሙሽሪትን ፀጉር የሙሽራው ወንድሞች ሳይቀሩ አይተውታል። ፈትያም ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣችም።

ኡስታዙ ሌሎቹን ልጆች ቁርኣን እንዲያነቡ አዘው ሩቅያን ወደ በረንዳው አወጧት።

"ለምን ለጠፍሽው? ለዝና ብለሽ ነው?"

"ለእማ ነው።" እንባዋ ቀደማት። "ሂና ቤት ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ነበረች። ጂዳ ሄዳ ስልኳ ከተዘጋ አምስት ወሩ። የሰፈሯን ዘፈን ብትሰማ ትደውላለች ብዬ... ከዘጠኝ ሺው አንዷ እሷ ብትሆንስ?"

ኡስታዙ ሊቆጡ ተዘጋጅተው ነበር። እንዲህ ያለውን ናፍቆት በምን አፍ ይገሥጹታል?

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር" አሏት። "በዚህ በስልኩማ ጭራሽ መመለሻ የለውም። ልጄ፣ ሰው አምኖሽ ፊትሽ ያደረገው ነገር አማና ነው፣ አደራ ነው። አጥፊው ብዬ አላዝሽም፤ ሂጂና የምስሉን ባለቤት ፈትያን ጠይቂያት።"

ሩቅያ እግሯን እየጎተተች ሄደች። ፈትያ በሩን ከፈተችላት እንጂ ግቢ አላለቻትም።

"አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። እንኪ፣ በእጅሽ አጥፊው" አለቻት ሩቅያ ስልኳን ዘርግታ።

ፈትያ ስልኩን መንጭቃ ተቀበለቻት። ከቪዲዮው ስር የተጻፈውን ስታነብ ግን ፊቷ ላላ፦ «እማ፣ ይኼን ካየሽ ደውይልኝ፤ ቁጥሬ ያው ነው።»

"አይታዋለች?"

"እንጃ።"

ፈትያ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። "እንግዲያው... እሷ እስክታየው ሁለት ቀን ይቆይ?"

ሩቅያ እሺ ማለት አማራት፤ እንዴት አማራት! እናቷ ስልክ የምታገኘው ነገ ቢሆንስ? ቀና ስትል ግን የፈትያ ዓይኖች በልቅሶ ብዛት አብጠው አየች።

"አይ፣ ይበቃል" አለችና ስልኩን ተቀብላ የቪዲዮውን ማጥፊያ ራሷ ተጫነችው።