የሸጌ ባትሪ ጾም ያዘ

ሸጌ ነገር ቶሎ አይገባትም፤ ይህን ራሷም አትክድም። የገባት ሲመስላት ግን የሚመልሳት የለም፤ ጉዱም የሚመጣው ያኔ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ባሕር ዳር የሚማረው ልጇ ቢያዝን ሶላር፣ ባትሪና አንድ ትንሽ ሳጥን ይዞ ሰቆጣ ዙሪያ ወዳለው ቤታቸው መጣ። ሳጥኑን ከአስተማሪው ጋር የሠሩት በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ባጃጅ ነበር። ባጃጁ አልሄደም፤ ሳጥኑ ለእናት ደረሰ።

«እማዬ፣ ይኸ አእምሮ አለው» አላት። «ባትሪው መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል እያየ ይማራል። የነገውን ገምቶ ነው የሚሰጥሽ። ቀይ ካበራ ቆጥቢ ማለቱ ነው።»

«ይማራል? እንደ ሰው?»

«እንደ ሰው።»

ሸጌ ከዚህ ሁሉ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ሞባይሏ እንዳይሞት። ጅዳ ያለችውን ልጇን የትናየትን አሰሪዋ የምታስደውላት በወር አንድ ዓርብ ነው። ያቺ ዓርብ ካመለጠች ወር ሙሉ «ደኅና ትሆን?» እያሉ መክረም ነው።

ቢያዝን ተመለሰ፤ ጾሙ ገባ። ሸጌም አሰበች፤ ማሰቧ ነው የጎዳት። ልጅ ነፍስ ሲያውቅ ጾም ይጀምራል። ይኸም አእምሮ አለው ተብሏል። ታዲያ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏን ዘግታ ስትውል፣ እሱ ካጥሩ ላይ ተንጋሎ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ሲበላ ዝም ትበል? ነጠላዋን አውጥታ ሶላሩን ሸፈነችው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገለጠችለት። ቅዳሜና እሑድ ግን ከጠዋት ታስቀምሰዋለች፤ ሥርዓቱን ታውቃለች።

ሳጥኑ ቀይ ማብራት አመጣ። መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ኋላ ዓርብ ዓርብ ጭራሽ እምቢ አለ። የየትናየት ዓርብ ስትመጣ ሞባይሉ ሞቶ ዋለ።

«አንተ ንፉግ! የማን ዘር ነህ?» ብላ ሰደበችው።

ጎረቤቷ ዝናሽ ባጥር በኩል ብቅ ብላ «እትዬ ሸጌ፣ ደግሞ ከሳጥን ጋር ተጣሉ?» አለቻት።

ወሩ ዞሮ፣ ከሆሳዕና በፊት ባለችው ዓርብ፣ ቢያዝን ለበዓል መጣ። ነጠላውን አየ።

«ማነው ይኸን ያለበሰው?»

«እኔ ነኛ። ይጹም ብዬ።»

ልጁ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ለቅሶ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ ሳቅ ነው።

«እማዬ፣ ንፉግ አይደለም። በዚህ ቤት ፀሐይ የምትወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ተምሯል። ከሰኞ ጀምሮ ስለማይጠግብ ዓርብ ላይ ይሳሳል። ያስተማርሽው አንቺው ነሽ።»

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር?»

«ምን ልበል? ነጠላ አታልብሺው ልበል?»

ገና አራት ሰዓት ነበር። ቢያዝን ሳጥኑን ከመሃል አወጣና ሞባይሉን በሌላ ሽቦ ሰካላት። ሸጌ ሶላሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከፀሐይዋ ጋር ስትዞር ዋለች። ዝናሽ እያየች ነው፤ ትይ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሞባይሉ ጮኸ።

«እማዬ! ባለፈው ምን ሆነሽ ነው? የሞትሽ መስሎኝ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ!»

ሸጌ የምትዋሸው ነገር ፈለገች፤ በጾም አፏ አልመጣ አላት።

«ባትሪውን… አስጹሜው ነው ልጄ።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰላት። ከዚያ ያ የትናየት ከሄደች ወዲህ ያልሰማችው ሳቅ፣ ሆድ ይዞ የሚያስጎነብሰው፣ ከጅዳ መጣ።

«ልታቆርቢውም ነበር በይኛ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ» አለች ሸጌ እንባዋን እየጠረገች። «ሞኝ እናት ያላት ልጅ ሳቅ አይቸግራትም።»